ውሃው የታየበትና የገባበት ቦታ ለየቅል ነበር፦ የጄት ጀልባዬን ሆድ (ቢልጅ) እንዴት እንዳደረቅሁ

ጀልባዬ የገባባትን ውሃ በራሱ የሚተፋ አውቶማቲክ ፓምፕ ባይኖራት ኖሮ ችግሯን በመጀመሪያው ሳምንት አውቀው ነበር። ጀልባዋን የገዛኋት አገልግላ ነው፤ 19 ጫማ ርዝመት፣ አንድ ሞተር፣ ከኋላ ደግሞ ልጆች እየዘለሉ ውሃ ውስጥ የሚገቡባት መድረክ ያላት ጄት ጀልባ ናት። ሙሉ ሰመር ፖቶማክ ወንዝ ላይ ስንመላለስ በጎኗ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ፊጭ ሲል እያየሁ «ፓምፑ ጎበዝ ነው» እል ነበር። ጎበዝነቱ ምን እየሸፈነብኝ እንደነበር የገባኝ ባትሪው የደከመ ዕለት ነው።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ካለው የሊሲልቬኒያ ስቴት ፓርክ ጀልባ ማውረጃ ተነስተን፣ ሣር በበዛበት ዳርቻ ስንቆም ስንነሳ ዋልን። ማታ ተሳቢው ላይ አውጥቼ ስጎትታት መኪናዬ አቃሰተች። ከኋላ ግድግዳዋ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ውታፍ ስፈታው ውሃው አላቆም አለ። በባልዲ እየተቀበልኩ ቆጠርኩት፤ ወደ 40 ሊትር ሆነ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና ቀኑን ሙሉ የማላውቀው ተሳፋሪ ከኋላ ጭኜ ስዞር ውያለሁ ማለት ነው። ጭንቀቱ የክብደት ብቻ አይደለም። የሞተሩ ማስነሻና ሽቦዎቹ ለዚያ ውሃ ቅርብ ናቸው። በቅርፊቷ ውስጥ የተሞላው ፎምም ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ከተኛ ውሃ ይጠጣል፤ አንዴ ከጠጣ ደግሞ መልሶ ማድረቅ አበሳ ነው።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። የጣና ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ስለሆነ ውሃ በደንገሉ መሃል ሽቅብ ይመጣል፤ ቀዛፊው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ሲመለስ ታንኳውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። «ታንኳዬ ታፈሳለች» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አላየሁም፤ የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነዋ። የእኔዋ ግን ጎድጓዳ ሳህን ናት። የምትንሳፈፈው ሆዷ ባዶ እስከሆነ ድረስ ነው።

የጄት ጀልባ አሠራር ለማያውቅ ጥቂት ልበል። ከኋላዋ ውጭ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የላትም። ሞተሩ ሻፍት የሚባለውን ዘንግ ያዞራል፤ ሻፍቱ ከሥሯ ባለው ዋሻ ውስጥ ኢምፔለር የሚባለውን ባለ ክንፍ ማሽከርከሪያ ያዞራል፤ ኢምፔለሩ ውሃውን በብረት ወንፊት በኩል ከሥር መጦ ወደ ኋላ ይተፋዋል። ፖቶማክ ላይ ጠላታችን ሣሩ ነው። ሃይድሪላ የሚባለው ከሌላ አገር የመጣ የውሃ አረም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወንዙ ውስጥ ተገኝቷል፤ ዛሬም ሙቀቱ ሲበረታ ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ምንጣፍ ያስመስለዋል። ኢምፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም።

ለዚህ ነው ከኋላ መድረኩ ሥር የማጽጃ ቀዳዳ የተሠራው። መክደኛው ሲነሳ የፕላስቲክ ገንዳ ይታያል፤ ገንዳው መሃል ደግሞ ክብ ውታፍ አለ። ሞተር አጥፍታችሁ፣ ቁልፉንም ከቦታው ነቅላችሁ፣ ውታፉን ታወጡና እጃችሁን አስገብታችሁ ሣሩን ትጎትታላችሁ። ሞተር እየሠራ ያን ውታፍ መንካት በእጅ መቀለድ ነው። ገንዳው ውስጥ የገባ ውሃ ከሥሩ በተያያዘ ጎማ ተመርቶ በኋላ ግድግዳ በኩል ወደ ወንዙ ይመለሳል። ከገንዳው በታች ያለውና ከሞተሩ ክፍል ጋር የሚገናኘው የጀልባዋ ወለል ቢልጅ ይባላል። እኔ ሆዷ ነው የምለው።

እንግዲህ መክደኛውን ሳነሳ ገንዳው እርጥብ ነው። የገንዳው ከንፈር ከፋይበር ግላሱ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ የድሮው ማሸጊያ ተሰነጣጥቋል። «አገኘሁት!» አልኩ። የቤት ዕቃ መሸጫ ሄጄ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ገዛሁና እንደ ኬክ ክሬም ዙሪያውን ቀባሁት። የመክደኛውንም ጎሚኒ አውልቄ ለቤት በር የሚለጠፈውን ስፖንጅ ለጠፍኩበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሆዷ ውስጥ 30 ሊትር ያህል ነበር። ሲሊኮን ጨመርኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ያው ነው። እዚህ ላይ ሰው ብጠይቅ ይሻለኝ ነበር፤ እኔ ግን ሦስተኛ ቱቦ ሲሊኮን ገዛሁ።

በመጨረሻ ነገሩን ለጎረቤቴ አጫወትኳቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ የነበራቸው፣ ጀልባ ላይ ወጥተው የማያውቁ፣ ለመውጣትም አሳብ የሌላቸው ሰው ናቸው። ቡናቸውን ፉት አሉና፦

«አንተ ልጅ፣ ቆርቆሮ ቤት አይደለም እንዴ ያደግኸው?»

«ነው እንጂ ጋሼ።»

«ታዲያ ጠብታው አልጋህ ላይ ሲወርድ ቀዳዳው ከአልጋህ በላይ ነበር?»

አልነበረም። ቀዳዳው እላይ ጫፉ ላይ፣ የላላ ሚስማር ሥር ነበር፤ ውሃው በእንጨቱ ተንሸራቶ ነው አልጋዬ ላይ የሚደርሰው። አባቴ ሬንጅ ከመቀባቱ በፊት ጣሪያው ላይ ሆኖ በጣሳ ውሃ ያፈስሳል፤ እኛ ከውስጥ አንጋጠን «እዚህ! እዚህ!» እንላለን።

«እና መርከብህ ከቆርቆሮ ቤት በምን ትሻላለች?» አሉኝ። መርከብ እያሉ ነው የሚጠሯት።

ከዚያ በኋላ ነው ወግ ባለው መንገድ መፈለግ የጀመርኩት። መጀመሪያ ሆዷን በስፖንጅና በጨርቅ ሙልጭ አድርጌ አደረቅሁ። ይህን ስታደርጉ ስለ ቤንዚን አትርሱ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ሆዷ ውስጥ ይተኛል። ሞተር ከማስነሳቴ በፊት የሞተር ክፍሉን ማናፈሻ ቢያንስ 4 ደቂቃ አሠራለሁ፤ ሽታ ካለ ጭራሽ አላስነሳም። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ደግሞ ባትሪውን ፈትቼ ነው።

ሲደርቅ ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት ቆርጬ ውሃ ሊገባ ይችላል ባልኩት ቦታ ሁሉ አነጠፍኩ፦ ሻፍቱ ግድግዳውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ሥር፣ የማቀዝቀዣ ጎማዎቹ መገጣጠሚያ ሥር፣ የመሪው ኬብል የሚወጣበት ሥር፣ የማፍሰሻ ውታፎቹ አጠገብ፣ ገንዳው ሥር። ወረቀት አይዋሽም፤ ጠብ ያለበት ቦታ ወዲያው ይጠቁራል።

ጀልባዋን ከተሳቢው ሳልፈታ ውሃ ላይ አወረድኳትና ሞተር ሳላስነሳ 20 ደቂቃ ጠበቅሁ። ወረቀቱ ሁሉ ደረቅ ነው። ስለዚህ የማፍሰሻ ውታፎቹ ይዘዋል፤ የሻፍቱ ማሸጊያም ቢያንስ ቆሞ ሳለ አያፈስም። ቀጥሎ ፈትቻት ለ10 ደቂቃ በዝግታ ነዳሁ። የኔ ዓይነቷ ሞተሯን የምታቀዘቅዘው ኢምፔለሩ በሚገፋው የወንዝ ውሃ ነው፤ የተሰነጠቀ ጎማ ካለ የሚያፈሰው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። አሁንም ደረቅ። በመጨረሻ በፍጥነት ሄድኩና የነዳጅ መስጫውን በድንገት መለስኩት። ያኔ ከኋላ የሚከተላት የራሷ ማዕበል መጥቶ መድረኩ ላይ ወጣ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋገምኩት። መክደኛውን ከፍቼ በእጅ ባትሪ ሳይ ገንዳው ሥር ያለው ወረቀት ሟምቷል፣ የቀረው ሁሉ ደረቅ ነው። ሌላም ምልክት ነበር፤ ሆዷ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ የሣር ቁርጥራጭ ይንሳፈፋል። በቀጭን የማቀዝቀዣ ጎማ ስንጥቅ ያን የሚያክል ሣር አያልፍም።

ለዚህ ፈተና ወንዝ የሚርቃችሁ ሰዎች ቤት ደጃፍ ላይ የአትክልት ጎማ ከማጠቢያው ቀዳዳ ጋር ገጥማችሁ የማቀዝቀዣውን መስመር ማየት ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉን ግን አታዛቡ፦ መጀመሪያ ሞተር ታስነሳላችሁ፣ ከዚያ ውሃ ትከፍታላችሁ፤ ስታቆሙ መጀመሪያ ውሃውን ትዘጋላችሁ፣ ከዚያ ሞተሩን ታጠፋላችሁ። ሞተር ጠፍቶ ሳለ ውሃ ከተለቀቀ በጭስ ማውጫው በኩል ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። መመሪያው ከሚፈቅደው ደቂቃ በላይም አታሠሩት።

ገንዳው መሆኑ ታወቀ። ገንዳው የቱ ጋ? እዚህ ላይ የአባቴን ጣሳ አስታወስኩ። ውሃውን ቀለም ማድረግ ፈለግሁና እርድ አሰብኩ፤ ባለቤቴ «ነጭ ጀልባ ላይ እርድ?» ብላ አስቆመችኝና ልጃችን ለኬክ የምትጠቀምበትን ቀይ የምግብ ቀለም ሰጠችኝ። ጀልባዋ ተሳቢው ላይ እንዳለች፣ ገንዳው ወደ ውጭ የሚያፈስበትን ቀዳዳ ከኋላ በጨርቅ ወተፍኩና ገንዳው ውስጥ ቀይ ውሃ ሞላሁ። በዕቃ ማስቀመጫው ሎከር ውስጥ ባለው ክብ መፈተሻ ቀዳዳ ስልኬን በዱላ ጫፍ ላይ አስሬ፣ መብራቱን አብርቼ፣ ቪዲዮ እየቀረጸ ወደ ውስጥ ሰደድኩት።

አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ቀዩ ውሃ እኔ ሦስት ቱቦ ሲሊኮን ያፈሰስኩበት ከንፈር በኩል አልመጣም። ከገንዳው ሥር፣ ከጎማው መጋጠሚያ፣ እንደ ቧንቧ ይወርዳል። ጎማውን የያዘው ማሰሪያ ዝጎ ተበጥሷል፤ ጎማው ራሱ ደርቆ ግማሹ ከአፉ ወጥቷል። ወደ ወንዙ ይመለሳል የተባለው ውሃ በሙሉ በቀጥታ ወደ ሆዷ ይገባ ነበር ማለት ነው። እስኪ አስቡት፣ መክደኛዋ ላይ የሚረጨው እያንዳንዱ ማዕበል!

ክንዴን እስከ ብብቴ ሰድጄ አሮጌውን ጎማ አወጣሁ። ረጅም እጅጌ ልበሱ። ያልለሰለሰ ፋይበር ግላስ ቆዳን ይልጣል፤ ማሳከኩ ደግሞ ሁለት ቀን አይለቅም። አዲስ ለጀልባ የሚሆን፣ ውስጡ ክር ያለው ጎማ ገዛሁ፤ ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ሲለሰልስ በቀላሉ ገባ። በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ሁለት ማሰሪያ፣ ብሎኖቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲሆኑ አድርጌ አጠበቅሁ። ማሰሪያ ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። «የማይዝግ» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ቀበቶው ብቻ የማይዝግ፣ ብሎኑ ተራ ብረት የሆነ ብዙ አለ፤ ማግኔቱ ብሎኑን አጥብቆ ከሳበው ተዉት። የኔንም የበጠሰው ብሎኑ ነው። ጎማው ደግሞ ከገንዳው እስከ መውጫው ወደ ታች ብቻ እንዲያዘነብል አድርጉ፤ መሃሉ ከረገበ ውሃና ሣር እዚያ ይተኛል።

እዚህ ላይ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ለማረጋገጥ ያህል ገንዳውን እንደገና በቀይ ውሃ እስከ አፉ ሞላሁና ቡና ልጠጣ ገባሁ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ስመለስ ከከንፈሩ ሥር ሦስት ቀጭን ቀይ መስመሮች ወርደዋል፤ ሦስቱም ከብሎን ቀዳዳ። እንደ ጎማው የሚያጥለቀልቅ አይደለም፣ ግን ያፈሳል። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ሳዞራቸው ዝም ብለው ይሽከረከራሉ፤ ቀዳዳው ሰፍቶ አይነክሱም። ስለዚህ ገንዳው ወልቆ መውጣት ነበረበት።

አሁን የሲሊኮኑ ዕዳ መጣ። ሲሊኮን ከተቀባበት ቦታ ላይ ካልጠፋ በቀር ሌላ ማሸጊያ አይይዝም፤ ዓይን የማያየው ቅባት ትቶ ይሄዳል። በፕላስቲክ መፋቂያ ፋቅሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ በአሴቶን ጠረግሁ፣ እንደገና ፋቅሁ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በላብኝ። ዋናው ጥገና ሲደመር ሦስት ሰዓት አልሞላም። አሴቶን ስትጠቀሙ ሁሉንም መክደኛ ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ እሳት የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ።

የሰፉትን የብሎን ቀዳዳዎች ትንሽ ይበልጥ አሰፋኋቸውና በወፍራም ኤፖክሲ ሞላኋቸው፤ በማግሥቱ ሲደርቅ በልኩ እንደገና በሳሁ። ለማሸጊያ የመረጥኩት የጀልባ ፖሊዩሬቴን ነው። መደብር ስትገቡ 4200 እና 5200 የሚሉ ሁለት ታዋቂ ቱቦዎች ጎን ለጎን ታያላችሁ። 5200 ዳግም ለማይፈታ ነገር ነው፤ አንዴ ከያዘ ፋይበር ግላሱን ገንጥሎ ነው የሚለቀው። ገንዳ ግን አንድ ቀን መልሶ ስለሚወልቅ 4200 ወሰድኩ። ከንፈሩ ሥር ሳይቋረጥ አንድ መስመር፣ በእያንዳንዱ ብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ ክብ አድርጌ ቀባሁ። ብሎኖቹን ማሸጊያው በጠርዙ ብቅ እስኪል ድረስ ብቻ አሰርኩ፤ አለመጨረሴ ሆን ብዬ ነው። አጥብቃችሁ ከጨረሳችሁት ማሸጊያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና መሃሉ ደረቅ ይቀራል። ሳምንት ያህል ከተውኩት በኋላ፣ ወደ ጎማነት ሲለወጥ፣ እያንዳንዱን ሩብ ዙር ጨመርኩ። ፖሊዩሬቴን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው፤ የቨርጂኒያ ወበቅ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀመኝ።

የመክደኛውን ጎሚኒ በተመለከተ፣ ያ የለጠፍኩት የበር ስፖንጅ ውሃ ይመጥ ነበር፤ ስጨምቀው ጠብ ጠብ ይላል። ለጀልባ የሚሸጠው ውሃ የማይጠጣ ዓይነት ጎማ ነው። ከለጠፋችሁት በኋላ ቁራጭ ወረቀት ጠርዙ ላይ አድርጋችሁ ክደኑና ሳቡት። እየያዘ ከመጣ ገጥሟል፤ ተንሸራቶ ከወጣ በዚያ በኩል አልገጠመም። ዙሪያውን እየዞራችሁ ፈትኑ። የማጽጃውን ውታፍ ኦሪንግም (ክቡን የጎማ ቀለበት) ተመልከቱ፤ የተቆረጠ ወይም ጠፍጣፋ የሆነ ከሆነ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ቀይሩት። ውታፉ በደንብ ሳይቆለፍ ከተነዳ ኢምፔለሩ ውሃውን ሽቅብ ወደ ገንዳው ይገፋዋል፤ ያኔ የትኛውም ጎማ አይችለውም።

ውሃ የሚተፋውን አውቶማቲክ ፓምፕ አሁንም እወደዋለሁ፤ እምነቴ ግን ቀንሷል። የተጻፈበት የሰዓት ጋሎን መጠን ውሃ ሽቅብ ሳይገፋ፣ ጎማው ሳይታጠፍ የተለካ ነው፤ ጀልባ ውስጥ ከዚያ ያነሰ ነው የሚያወጣው። ውሃ ሲያነሳው ፓምፑን የሚያስነሳው ተንሳፋፊ ማብሪያ ደግሞ ሣር ከያዘው ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። አሁን በእጅ ማብሪያው አጠገብ መብራት አስገጥሜ ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደተነሳ እቆጥራለሁ። ጥገናው ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው ሙሉ ቀን አንድም ጊዜ አልተነሳም። ማታ ውታፉን ስፈታ ሁለት ኩባያ ያህል ወረደ፤ እሱ ከመልሕቁ ገመድና ሎከሩ ውስጥ ከተወረወረው የልጆቹ እርጥብ ልብስ የመጣ ነው፤ የእሱን ምንጭ ፍለጋ አልገባም።

ያገለገለች ጄት ጀልባ ልትገዙ ከሆነ፣ ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ሲያሰማችሁ እሱን ብቻ ሰምታችሁ አትሂዱ። ተሳቢው ላይ እንዳለች የታችኛው የማፍሰሻ ውታፍ ይፈታላችሁ፤ የኋላውን መክደኛ አንሱና ሁለት ባልዲ ውሃ ገንዳው ውስጥ ጨምሩ። ውሃው በገንዳው መውጫ ብቻ ከወጣ ደህና ነው። በታችኛው ቀዳዳ መውረድ ከጀመረ ሆዷ ገብቷል ማለት ነውና፣ ዋጋውን ከዚያ ተነስታችሁ ተነጋገሩ።